ከርስት እስከ ታቡ፦ «የኔ» የሚለው ቃል በቤተ እስራኤል ኑሮ



በማኅበራችን ስብሰባዎች ላይ እንደ ቤት ጉዳይ ብዙ ጥያቄ የሚነሣበት ነገር የለም። ማሽካንታው ስንት ዓመት ቀረው፣ ቤቱ የተጻፈው በማን ስም ነው፣ አባት ሲሞት ለማን ይሆናል እየተባለ ይጠየቃል። ከዓመታት በፊት በአንዱ ስብሰባ ላይ ከወገራ የመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ቤት የአንተ ነው ትሉኛላችሁ። እስከ መቼ ድረስ ነው የኔ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቶቹ ሣቁ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን አልሣቁም፤ ጥያቄው የእነርሱም ጥያቄ ነበርና።

በዚህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ከሥሩ ጀምረን ለማስረዳት እንሞክራለን። ስለ ንብረት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ነገሩ በገንዘብ ብቻ ይለካል። የእኛ ሰዎች የሚያውቁት ግን ሌላም አለ፤ ሰው የሚያርሰው መሬትና የሚያድርበት ጣራ የራሱ ሲሆንና ሳይሆን አንገቱን የሚይዝበት መንገድ ይለያያል። የጠቀስናቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱ

ርስት የሚለው ቃል «ወረሰ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው። በዕብራይስጥ ውርስን «ዬሩሻ» እንላለን፤ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ስለዚህ አንድ ወጣት በውርስ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት «ጻቭ ዬሩሻ» የሚባለውን ወረቀት ሲጠይቅ፣ አያቱ በጎንደር ዳኛ ፊት ቆሞ ይጠራው የነበረውን ቃል እየጠራ ነው ማለት ይቻላል። ንብረት «ነበረ» ከሚለው ይወጣል፤ ሰው ተቀምጦ የሚኖርበት ነገር ማለት ነው። ሀብት ደግሞ «ወሀበ» ከሚለው ነው፤ ትርጉሙ በመጀመሪያ ስጦታ ነበር። እነዚህ ሦስት ቃላት በአማርኛ ዛሬ ተቀላቅለው ይነገራሉ፤ ለምናወራው ነገር ግን ልዩነታቸው ይጠቅማል።

በኦሪት የናቡቴን ታሪክ የማያውቅ የለም። ንጉሡ የወይኑን ቦታ ሽጥልኝ፣ ወይም በሌላ ለውጥልኝ ቢለው፣ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ልብ እንበል፦ ንጉሡ ቦታውን እንዲያው መቀማት አልቻለም፤ ተበሳጭቶ ወደ ቤቱ ገብቶ ተኛ። መሬቱን ለማግኘት የሐሰት ምስክር ማቆምና ሰውየውን ማስገደል አስፈለገ። ርስት ማለት ንጉሥ እንኳ በቀጥታ ሊነካው የማይችል ድንበር ነው የሚለውን አሳብ ቄሶቻችን ከዚህ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ መሬት ለዘላለም እንዳይሸጥና በኢዮቤልዩ ዓመት ወደ ባለርስቱ እንዲመለስ ያዛል፤ በቅጥር ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ግን ሻጩ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠው ለገዢው ይጸናል። የእርሻና የከተማ ቤት ሕግ መለያየቱ የዛሬ ነገር አይደለም።

ርስት የሌለው ሰው

በአማራና በትግራይ አገር ርስት ማለት ዛሬ የግል ንብረት የምንለው አልነበረም። አቅኚ አባት የሚባለው የመጀመሪያው ባለመሬት ልጆች ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበራቸው። መብቱ በዘር ይቆጠራል እንጂ በገንዘብ አይገዛም፤ ለባዕድ መሸጥም ነውር ነበር። ይህን ሥርዓት አለን ሆበን የተባለው ተመራማሪ በጎጃም አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ከርስት በላይ ጉልት ነበር፤ ጉልት መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት ሲሆን፣ ለመኳንንትና ለአብያተ ክርስቲያናት ይሰጥ ነበር። ባለርስት ለባለጉልት ቢገብርም ከአባቱ መሬት አይነቀልም። ከሁሉ በታች ያለው ጭሰኛው ነበር፤ በአንዳንድ አገር ጢሰኛም ይሉታል። እርሱ በሰው መሬት ጎጆ ቀልሶ፣ እንደ ውሉ እኩል ወይም ሲሶ ሰጥቶ ያርሳል። ባለመሬቱ ሲከፋው «ጢስህን ከዚህ አንሣ» ካለው ነገሩ አለቀ።

ቤተ እስራኤል አብዛኛው ከዚህ ከታችኛው ክፍል ነበር። ለምን? በሕዝባችን ዘንድ የሚነገረው፣ ከዜና መዋዕልም የሚጠቀሰው፣ ከ1414 እስከ 1429 ወይም 1430 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ በጦርነት ካሸነፉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲይዝ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን አዘዙ የሚለው ነው። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ብዙዎች ከዚህ ያያይዙታል፤ ቃሉ የሚያመለክተው አገርና ርስት የሌለውን ሰው በመሆኑ ሽማግሌዎቻችን የሚጠሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጄምስ ክዊሪንና ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጧቸው መጻሕፍት እንዳስረዱት ነገሩ በአንድ ቀን አዋጅ የተፈጸመ አይደለም፤ እስከ ዐፄ ሱስንዮስ የስሜን ጦርነት ድረስ ብዙ ትውልድ የፈጀ ነው። እኛም በዚህ እንስማማለን። ሆኖም በትዝታ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ሃይማኖትን መጠበቅ የመሬት ዋጋ ነበረው። እያንዳንዱ ትውልድ ያን ዋጋ እንደገና ከፍሏል፤ መጠመቅና ባለርስት መሆን ሁልጊዜ በር ላይ የቆመ ምርጫ ነበርና። ይህ በታሪካችን ውስጥ በቂ ያልተጻፈበት ነገር ይመስለናል።

መሬት ያጣው ሰው ወደ እጁ ተመለሰ። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ እንስራና ምጣድ ሠራች። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ለግንብና ለአናጢነት ሥራ ብዙ ቤተ እስራኤል ተፈልገው፣ አንዳንዶቹም ማዕረግና መሬት እስከ ማግኘት ደርሰዋል። በዘመነ መሳፍንት የነገሥታቱ ኃይል ሲወድቅ ይህም አብሮ ወደቀ፤ የተሰጠ ነገር ሰጪው ሲደክም እንደሚጠፋ ታየ።

የአንድ ቀጥቃጭ ንብረት ምን ነበር? ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት። አንድ አህያ ሁሉንም ይሸከመዋል። ጭሰኛ ከመሬት ቢነቀል ማረሻውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቀጥቃጩ ግን ኑሮውን በሙሉ ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው አገርም ማረሻ የሚያሳልና ማጭድ የሚያሠራ ገበሬ አይጠፋም። አንድ ዓይነት ነጻነት ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህን ነጻነት ማስዋብ አንፈልግም። የማረሻውን ብረት የሚሠራው ሰው ለመሬቱ ባዳ ነበር፤ ጎረቤቱ በቀን ማረሻ አሠርቶ በእህል ከፍሎ፣ በማታ «ቡዳ ነው» እያለ ልጁን ከዓይኑ ይሸሽገው ነበር። ልጁ የታመመበት ሁሉ ጣቱን ወደ እርሱ ይቀስራል። ርስት የሌለው ሰው ሲከሰስ የሚቆምለት ዘመድ በአገሩ ሸንጎ ውስጥ አልነበረውም።

የሴቶቹ ነገር ትንሽ የተለየ ነው። በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ለውጭ አገር ጎብኚዎች ትናንሽ ምስሎች እየሠሩ መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ ጥሬ ገንዘብ በቤት ውስጥ በመጀመሪያ የያዘችው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ነበረች። ገበያው ቅዳሜ ሲውል ግን ያ ሁሉ ቀረ፤ ሰንበት ሳይሻር ትርፍ ይቅር ይባል ነበር።

የካቲት 1967

«መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት በአዲስ አበባ ተማሪዎች አፍ እ.ኤ.አ. በ1965 በአደባባይ ተሰማ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ የገበሬ ማኅበራትም በ800 ሄክታር ገደማ እንዲቋቋሙ ታዘዘ። ጎረቤቱ ክርስቲያን የሚያገኘውን ቤተ እስራኤልም እንዲያገኝ ሕጉ ፈቀደ። ለብዙ አባቶች ይህ በዕድሜያቸው ያዩት ትልቁ ቀን ነበር፤ ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል።

ደስታው ግን ንጹሕ አልነበረም። በአንዳንድ ቦታ የደረሳቸው ድንጋያማው ወይም ራቅ ያለው መሬት ነበር። የቀድሞ ባለርስቶች መሬታችንን ፈላሻ ወሰደብን ብለው ቂም ያዙ፤ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኢዲዩ፣ ኢሕአፓና የመንግሥት ጦር በሰሜን ምዕራብ ሲዋጉ መንደሮቻችን በመካከል ተይዘው ተጎዱ። የተዘረፈም የተገደለም አለ።

ከዚህም ሌላ አዋጁ የሰጠው ማረስን እንጂ ባለቤትነትን አልነበረም። አዋጁ መሬትን መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት ከለከለ፤ ማውረስንም ለሚስት ወይም ለባልና ለልጆች ካልሆነ በቀር አልፈቀደም። የድሮው ባለመሬት «ጢስህን አንሣ» ይል የነበረውን አሁን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሊለው ቻለ። እህል ለመንግሥት ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ማስረከብ መጣ፤ ይህ ኮታ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከወረዳ ወደ ወረዳ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ሰው መሬት አግኝቶ መንቀሳቀስ ሊያጣ እንደሚችል አየን፤ አባቶቹ መሬት አጥተው በአህያ ጭነት የያዙት ነጻነት ለልጁ ቀረ። መሬቱ መልካም ነበር፣ እጦቱ ግን ከበፊቱ በሌላ በኩል መጣ ብለን እናምናለን። በዛሬይቱ ኢትዮጵያም በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ አድርጓል፤ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ግን ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማግኘት ጀምሯል።

ወደ ሱዳን የወጡት ቤተሰቦች ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ትተው ነው። መሬቱ አይሸጥም፤ ከብቱ ቢሸጥ ደግሞ ሰው ይጠረጥራል። ስለዚህ አንድ ላም ለሩቅ ገበያ፣ አንድ በግ ለቅርቡ እየተባለ ቀስ በቀስ ይሸጥና ገንዘቡ ለመንገድ መሪው ይቋጠር ነበር። የቀረው ማሳ ላይ የደረሰ እህልና ቤቱ እንዳለ ተተወ። በመንገድ ሽፍታ የቋጠሩትን ወሰደባቸው። በሱዳን ከሞቱት ጋር ሲነጻጸር ንብረት ምንም አይደለም፤ ሆኖም ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ የገቡት፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ የገቡት ከ14,000 በላይ ሰዎችም፣ እዚህ የደረሱት ከለበሱት ልብስ በቀር ባዶ እጃቸውን መሆኑ በኋላ ለሆነው ሁሉ መነሻ ነው። ሌላው ዜጋ ቤት ሲገዛ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የሚያገኘው መቋቋሚያ ለእኛ አልነበረም።

ሰውየው ይዞት የመጣው ሙያ ብቻ ነበር። እሱም እዚህ ዋጋ አጣ። ብረት ቀጥቃጩ በፋብሪካ ወለል ጠራጊ ሆነ።

ታቡ

በእስራኤል አገር ከመሬቱ 93 በመቶ ገደማ የመንግሥት፣ የልማት ባለሥልጣንና የቀረን ካየሜት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው መሠረታዊ ሕግ ይህ መሬት እንዳይሸጥ ይላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤት ገዛሁ ሲል የገዛው በውሉ ለ49 ወይም ለ98 ዓመት የተሰጠ «ሕኪራ» ነው። አርባ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ከኢዮቤልዩ ጋር መግጠሙን ልብ ያላለ የለም። በ2009 በወጣው ማሻሻያ በከተማ ያሉ ብዙ ቤቶች መብታቸው ወደ ሙሉ ባለቤትነት የሚዛወርበት መንገድ ተከፍቷል። የወገራው አባት «እስከ መቼ ድረስ ነው የኔ?» ማለታቸው እንግዲህ የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም፤ ጠበቃም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ወደ ቤት ባለቤትነት የደረስንበት መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መርከዝ ክሊታና ሆቴል፣ ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላም የካራቫን ሰፈሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 መንግሥት ለኢትዮጵያ ዖሊም የተለየ ማሽካንታ አወጣ፤ አብዛኛው ክፍል ስጦታ፣ ቀሪው ብድር ነበር። ያለዚህ እርዳታ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ኪራይ ቤት በሆኑ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ስጦታው በተወሰኑ ከተሞች ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ገንዘቡ የሚበቃውም ርካሽ በሆኑት ሰፈሮች ነበር። ስለዚህ በረሖቮት ቂርያት ሞሼ፣ በገዴራ ሻፒራ፣ በሌሎችም ከተሞች ተመሳሳይ ሰፈሮች ወገኖቻችን ተሰባሰቡ። ዘመድ ከዘመድ መቅረቡን የፈለጉት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ሌላ ትምህርት ቤት ለማስገባት ፈልገው በዋጋው ምክንያት ያልቻሉም ነበሩ። ባለቤት መሆንና የት ባለቤት እንደሚሆኑ መምረጥ ሁለት የተለያዩ ነጻነቶች ናቸው፤ የተሰጠን አንደኛው ነበር።

ከእነዚህ ሰፈሮች አንዳንዶቹ ዛሬ «ፒኑይ ቢኑይ» በሚባለው ሥራ እየፈረሱ ከፍ ብለው ይሠራሉ። ያን ጊዜ ባለ ታቡው አዲስ ቤት ያገኛል፤ ተከራዩ ግን ጓዙን ይጭናል። ስለዚህ ወረቀቱን ማየት የግድ ነው። መብቱ የተመዘገበው በታቡ ነው? በመሬት ባለሥልጣን ነው? ወይስ ቤቱን በሠራው ድርጅት መዝገብ ነው? ሦስቱም ይገኛሉ። «ነሳሕ ታቡ» የሚባለውን ማውጣት በጥቂት ሰቅል የሚፈጸም ነገር ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተገዛ ቤት ዛሬም በስማቸው ያልተዛወረ ሰዎች አጋጥመውናል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚያሳዝነው የኑዛዜ ጉዳይ ነው። በአገራችን ሽማግሌ ሲደክም ዘመድና የንስሐ አባት ተሰብስበው በቃሉ ይናዘዝ ነበር፤ ቃሉም ይጸና ነበር። የጦረውንም ልጅ ከሌሎቹ አብልጦ መሬት ሊሰጠው ልማዱ ይፈቅድ ነበር። እኛ የምናውቃቸው አንዲት ልጅ አባታቸውን ዐሥራ አንድ ዓመት ጦረዋል። አባትየው በልጆቻቸው ሁሉና በሁለት ቄሶች ፊት «ቤቱ የጦረችኝ ልጅ ነው» ብለው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሲሞቱ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ቤቱ ለስድስት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች እኩል ተከፈለ፤ ለመካፈልም ተሸጠ። ከወንድሞቹ ሁለቱ አባታቸው የተናገሩትን አልካዱም፤ ማሽካንታ ነበረባቸውና ድርሻቸውን መተው አልቻሉም።

የእስራኤል የውርስ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1965 ነው። ኑዛዜ ከሌለ፣ ባል ወይም ሚስት ልጆች ካሉ ግማሹን ይወስዳሉ፣ የቀረው ለልጆች እኩል ይከፈላል፤ ወንድና ሴት ልዩነት የለውም። በቃል የሚሰጥ ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ በሞት አፋፍ ሲሆን ወይም ሞት ፊት ለፊት እንደቆመ በአግባቡ ሲያምን፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ብቻ ነው፤ ምስክሮቹም ጽፈው ለመዝጋቢው ማስረከብ አለባቸው፤ ሰውየው ከዳነም ከአንድ ወር በኋላ ይፈርሳል። ስለዚህ የእኚያ አባት ቃል ከመጀመሪያውም በሕግ ፊት ቃል አልነበረም። ቀላሉ መንገድ ሁለት ነው፦ ሰውየው ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ጽፎ ቀኑን አኑሮ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ደግሞ በሌላ ሰው ተጽፎለትና ተነብቦለት በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርማል፣ ወይም በባለሥልጣን ፊት ይናዘዛል። በምስክርነት የሚቆመው ሰው ከውርሱ ድርሻ ያለው መሆን የለበትም፤ እርሱ ከቆመ ለእርሱ የተጻፈለት ይፈርሳል። በአማርኛ የተጻፈም ይጸናል፤ ብዙ አባቶች ዕብራይስጥ ስለማንጽፍ አይሆንልንም ብለው ስለሚተዉት ነው ይህን የምንናገረው።

ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ ብዙ ነገር በሽማግሌዎች አፍ ብቻ እንዳለ አየን። በደምቢያ፣ በአለፋ፣ በወልቃይት ጭሰኛ የሚከፍለው ምን ያህል እንደ ነበር፣ ቤተ እስራኤል ርስት ይዞ የኖረባቸው ጥቂት መንደሮች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በ1967 ዓ.ም. መሬት ሲከፋፈል ዕጣው እንዴት እንደ ወጣ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች በየቤታችን አሉ። የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የገበሬ ማኅበር መታወቂያ፣ የይለፍ ወረቀት ያላችሁም በመሳቢያችሁ አትተዉት። ቅጂውን ለማኅበሩ ብትሰጡን፣ ወይም ልጆቻችሁ ቃላችሁን ቀድተው ቢያመጡልን፣ በሚቀጥሉት እትሞች በሁለቱም ቋንቋዎች እናወጣዋለን።